በአዳራሹ ጫፍ ያለችው ክፍል

ባለፈው ሳምንት የእህቴ የማርታ የልጅ ልጅ ምሕረት አንድ ጥቅል ፕላን ታቅፋ ቤቴ መጣች። አርክቴክት ናት፤ ከተመረቀች ገና ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። እዚህ ሶዶ የሚሠራ የግል ክሊኒክ ንድፍ ተሰጥቷት ኖሮ፣ "አባባ፣ እርስዎ ሳያዩት አላስረክብም" ብላ ጠረጴዛዬን ከእነ መድኃኒቶቼ ጠረገችና ወረቀቱን ዘረጋችው። የዛሬ ልጆች ፕላን የሚያዩት በኮምፒውተር ነው፤ ይሄን ለእኔ ብላ ነው ያሳተመችው። ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል። ወረቀት የማነበው በማጉያ መነጽር ነው፤ ቢሆንም ፕላን ሲዘረጋልኝ ደስታዬን መደበቅ አልችልበትም።

"ይኸውልዎት፤ እያንዳንዱ በሽተኛ የራሱ ክፍል አለው። የራሱ መስኮት፣ የራሱ በር። አንድም የጋራ አዳራሽ የለም" አለችኝ በኩራት።

ሥራዋ ጥሩ ነበር። ብርሃኑን ከየት እንደምታስገባ፣ ነፋሱን በየት እንደምታስወጣ ታውቃለች። እኔ በእሷ ዕድሜ እንዲህ ያለ መስመር አልሠራሁም። በማጉያዬ ከክፍል ወደ ክፍል ስሻገር ቆይቼ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለችው የመጨረሻ ክፍል ስደርስ ግን እጄ ቆመ።

"ምነው፣ ስህተት አገኙብኝ?"

"የለም። ሻይሽን ጠጪ" አልኳት። እሷ ግን የዋዛ ልጅ አይደለችም፤ አያቷን ነው የወጣችው። ሻይዋን ወዲያ ገፋ አድርጋ ጠበቀችኝ። እኔም ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ነገርኳት።

በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ አርክቴክቸር አጠና ነበር። ዛሬ ይህን ሳወራ ቀላል ይመስላል እንጂ ያኔ በእኛ አካባቢ አርክቴክት የሚባል ፍጥረት አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። ለእረፍት መጥቼ ሻንቶ ገበያ ብቅ ስል አንድ የአባቴ ዘመድ፣ "ለመሆኑ ምንድን ነው የምትማረው?" ይለኛል። "የቤት አሠራር" እለዋለሁ። "አምስት ዓመት? እኛ በደቦ በአንድ ቀን አቁመን ማታ እንገባበት የለ!" ብሎ ገበያተኛውን ያስቅብኛል። እኔም እስቃለሁ። ውስጤን ግን ትንሽ ይከነክነኝ ነበር።

ትምህርቱ ቀልድ አልነበረም። አምስት ዓመት ሙሉ ስሌቱንም ሥዕሉንም ተምሮ፣ በመጨረሻው ዓመት አንድ ሙሉ ሕንፃ ለብቻ ነድፎ በመምህራን ጉባኤ ፊት መቅረብ ነበር። ጉባኤው ያላሳለፈው ዲግሪ የለውም። ዲግሪ የሌለው ደግሞ በፕላን ላይ መፈረም አይችልም፤ ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው መስመር ሲያደምቅ ይኖራል። ጎበዝ ከሚባሉት ውስጥ እዚያ ጉባኤ ላይ ወድቀው የቀሩ አይቻለሁ።

ዋናው መምህራችን እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ እርሳስ የሚፈልግ ረጅም ፈረንጅ ነበር። ሲያስተምር አንድ የሚደጋግማት ነገር ነበረችው። "ክብር ማለት በር ነው። ሰውን ማክበር የምትጀምሩት የሚዘጋ በር ስትሰጡት ነው" ይለን ነበር። ይቺ አባባል ልቤን ሰረቀችው። እኔ ያደግሁት እናትና አባት፣ ልጆች፣ እንግዳ፣ ላምና ጥጃ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ክብ የሣር ቤት ነው። ከዚያ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ እዚያም አልጋ በአልጋ ላይ ነው። የምዘጋው በር ኖሮኝ አያውቅም። ስለዚህ ለመጨረሻው ዓመት ሥራዬ ለአገሬ ለወላይታ የሚሆን ሆስፒታል እነድፋለሁ አልኩ፤ በሽተኛው ሁሉ የየራሱ ክፍል፣ የየራሱ በር ያለው። መምህሬ ወደደልኝ። "ክረምቱን አገርህ ግባና የሚሠራ ሆስፒታል አጥና፤ ሰዉ እንዴት እንደሚታመም እይ" ብሎ ሸኘኝ።

ሐምሌ ላይ ተሳፈርኩ። ያኔ ክረምት ላይ የሶዶ መንገድ መንገድ አይባልም። ሻሸመኔ አድረን በማግስቱ ጭቃው አውቶቡሱን እየዋጠ፣ እኛ ወርደን እየገፋን፣ ሹፌሩ እየተሳደበ፣ እንደ ምንም ሶዶ ደረስን። የዳሞታ ተራራ እስከ ወገቡ በጉም ተሸፍኗል። አውቶቡሱ መቆሚያ አጠገብ ሴቶች ከታዛ ሥር በቆሎ እሸት ይጠብሳሉ። ርቦኝ ስለነበር ወደ እነሱ ስራመድ ነው እህቴን ማርታን ያየኋት፤ የእንሰት ቅጠል እንደ ጥላ ተከልላ ዝናቡ ውስጥ ቆማለች። ማርታ ታላቄ ናት። አባታችን ከሞተ ወዲህ እርሻውንም እናታችንንም ይዛ የቀረችው እሷ ናት። እኔ የተማርኩት እሷ ስለቀረች ነው፤ ይህን ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም።

"አዬ ሆስፒታል ናት" አለችኝ፣ ሰላምታ ሳታስቀድም። እናታችንን "አዬ" ነው የምንላት። ቤታችን የምንነጋገረው በወላይትኛ ስለሆነ እዚህ የምጽፈው ንግግር ሁሉ ትርጉሙ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ የሚሲዮን ሆስፒታል ነበር። አዬ የተኛችው በሴቶቹ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከበሩ ስገባ የወለል ማጽጃው የክሬኦሊን፣ የረጠበ ጋቢና የቆጮ ሽታ አንድ ላይ ተቀበለኝ። አልጋዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ በየአልጋው ሥርና መሐል አስታማሚ ተኮልኩሏል። አንዷ ታጠባለች፣ አንዷ ትጸልያለች፣ አንዷ የማታውቀውን በሽተኛ እግር ታሻለች። ዘበኛው ከጓሮ በር ያስወጣቸዋል፣ በፊት በር ይገባሉ። እንዲህ ያለ ሁካታ ውስጥ ሰው እንዴት ይድናል ብዬ አዘንኩ። ወረቀቴን አውጥቼ እንደ ተማሪ፣ "ጫጫታ፣ መጨናነቅ፣ ገመና ማጣት" ብዬ ጻፍኩ።

አዬ መንምና ነበር፤ ክንዷን ስይዘው ደነገጥኩ። አንደበቷ ግን አልከሳም። የአዳራሹን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አስተዋወቀችኝ። ያቺ ከቦዲቲ የመጣች ናት፣ ምራቷ ክፉ ናት። ይቺኛዋ ከአጠገቧ የተኛችው ልጅ አላት፣ ለአንተ ትሆናለች፣ አየት አድርጋት። ልጅቱ እዚያው ቆማ ነበር። እኔ ጣሪያውን ስመረምር አዳራሹ በሙሉ ሳቀብኝ።

ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ በእንግሊዝኛ ነገረኝ። ጉበቷ ላይ ያደገው እባጭ ቀዶ ሕክምና አይደፍረውም። ወደ ማንም የማይተላለፍ፣ ከማንም ያልመጣባት በሽታ ነው። ሕመሙን ማስታገስ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ የለም። ለማርታ ተርጉሜ ስነግራት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ለአዬ ላለመንገር ተስማማን።

በማግስቱ የአዳራሹን ስፋት በሜትር ስለካ አንዲት ፈረንጅ ነርስ አየችኝ። ሁሉም ሰው "ሲስተር" ብቻ ነበር የሚላት። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ወላይትኛ አታውቅም። የምማረውን ስነግራት እጇን አጨበጨበች። "የገበሬ ልጅ አርክቴክት! እናትህ እንዴት የታደለች ናት!" አለችና እጄን ይዛ አዳራሹ ጫፍ ላይ አዲስ ወደተሠራች ክፍል ወሰደችኝ። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ በኖራ የተቀባ ነጭ ግድግዳ፣ የሚዘጋ በር። በመስኮቱ ዳሞታ ይታያል። "ዛሬውኑ እናትህን እዚህ አዛውራታለሁ። ስጦታዬ ነው" አለችኝ። ደግ ሴት ነበረች። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ደግ ሴት ነበረች።

የምሠራውን ሆስፒታል በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ። አዬን ከእነ አልጋዋ እየገፉ ሲያወጧት ያ የሚንጫጫ አዳራሽ ጸጥ አለ። አክብሮት መሰለኝ። ከቦዲቲ የመጣችው ሴት አልጋው በአጠገቧ ሲያልፍ የጋቢዋን ጫፍ ሰበሰበች። ይህንንም አይቻለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም።

ያቺ ክፍል የተለየ ደንብ ነበራት። አስታማሚ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም አንድ ሰው። ጠዋት ሐኪሙ ዞሮ፣ ክፍሉ ጸድቶ እስኪያበቃ በሩ ይዘጋል። ሌላ ጠያቂ ከውጭ ሆኖ በመስኮት ያያል። እኔ ደንቡን ሳነበው "እንዲህ ነው እንጂ" አልኩ። አዬ ግን ከገባችበት ሰዓት ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማርታ የምትወደውን ቆጮ በጎመን አድርጋ ብታመጣላት ነካ አድርጋ መለሰችው። ያ ሁሉ ወሬ፣ ያ ሁሉ ሰው ማስተዋወቅ፣ ልጅ መዳር፣ እንደ ክር ተበጠሰ።

ከሰነበተች በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት እጄን ያዘችና፣ "ጴጥሮስ፣ እውነቱን ንገረኝ። ፈንጣጣ ነው?" አለችኝ።

ሳቅ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም።

"እኔ ልጅ ሆኜ እህቴን ፈንጣጣ ሲይዛት እንሰቱ ውስጥ ትንሽ ጎጆ ሠሩላት" አለች። "ምግብ የማደርስላት እኔ ነበርኩ። በቅጠል አድርጌ ደጃፉ ላይ አስቀምጥና እሮጣለሁ። ግድግዳው ነጭ አልነበረም እንጂ ልክ እንደዚህችው ነበረች። አንድ ሰው፣ አንድ መኝታ፣ አንድ በር። ምን አድርጌያችሁ ነው ከሰው የለያችሁኝ?"

"አዬ፣ ይሄ የክብር ክፍል ነው። ሰው ለምኖ የማያገኘው።"

"ክብር ከሆነ ሰዉ ለምን ሸሸኝ?"

ሰዉ መሸሹን እንኳ ልብ አላልኩም ነበር። ለካስ የጸሎት ቤታችን ሴቶች ከሻንቶ ማዶ ካለው መንደራችን ድረስ በእግራቸው መጥተው አዳራሹ ውስጥ አጥተዋታል። ለብቻዋ ክፍል ውስጥ መሆኗን ሲሰሙ ወደ መስኮቱ እንኳ አልቀረቡም። ያመጡትን ቆጮ በእንሰት ቅጠል እንደተጠቀለለ ሣሩ ላይ አስቀምጠው ተመለሱ። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ ያዩት አንድ ሰው፣ አንድ በር ነው። ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም።

ከዚያ ወሬው ቀደመን። ማርታ ገበያ ወጣች። ጊፋታ እየቀረበ ነው፤ የወላይታ ሰው ለዘመን መለወጫው ቅቤ የሚሰበስብበት ወቅት ነው። የማርታን ቅቤ ግን በጣቱ ነክቶ የሚያሸት እንኳ ጠፋ። በሽታው እሷም ላይ ያለ ይመስል ግራና ቀኟ ያሉት ሴቶች እቃቸውን እያነሱ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ከቤታችን ፍም የሚወስድ ጎረቤት ቀረ። እኔ ተናደድኩ፤ ኋላ ቀሮች፣ መሃይሞች አልኳቸው። ማርታ ቅቤዋን መልሳ ወደ ቅሉ እየጨመረች፣

"እነሱ ምን ያድርጉ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። እኛ አገር ሰው ለብቻው የሚተኛው መቼ እንደሆነ አንተ ጠፍቶህ ነው?" አለችኝ።

አልጠፋኝም ነበር። አውቅ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጬ ስነድፍ ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ወደ ሲስተር ሄድኩ። እናቴን ወደ አዳራሹ መልሺልኝ አልኳት። ፊቷ ተለወጠ፤ የሰጠውን ስጦታ እንደመለሱበት ሰው። "እዚያ ጫጫታ ውስጥ? የመጨረሻ ጊዜዋን በሰላም ብታሳልፍ አይሻላትም?" አለችኝ። ሰላሟ እዚያ ጫጫታ ውስጥ እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። ከብዙ ክርክር በኋላ እሺ አለች፤ ግን አልጋው ተይዟል። መሬት ላይ ማስተኛት አይፈቀድም። "አልጋ ሲለቀቅ" አለችኝ።

አልጋ የሚለቀቀው ወይ በሽተኛ ሲድን ወይ ሲሞት ነው። ያን ሰሞን በአዳራሹ መሐል ስመላለስ ማን ወደ ሞት እንደቀረበ በዓይኔ የምመዝን ሰው ሆኜ ነበር። አንዷ ስታቃስት ልቤ ዘለል ይላል። በሕይወቴ ራሴን እንደዚያ የተጠየፍኩበት ጊዜ የለም።

ማርታ፣ "እንግዲያው ቤቷ እንውሰዳት። በመንገድ ብትሞትም ከሰው መሐል ትሞታለች" አለች። ሐኪሙም አልከለከለንም። ነገር ግን በዚያ ጭቃ በሽተኛ የሚሄደው በቃሬዛ ነው፤ ቃሬዛ ደግሞ ተሸካሚ፣ ተቀባይ ይፈልጋል። በእኛ አገር ለቃሬዛ ማንም ሰው ለምኖ አያውቅም፤ ጥሪ በቂ ነው። ያን ጊዜ ግን በየደጃፉ ዞርኩ። አንዱ እግሩን ያመዋል። አንዱ ላሙ ልትወልድበት ነው። አንዱ ሚስቱን ወደ ደጅ ልኮ የለም አስባለኝ፤ ከውስጥ ሲያስል እየሰማሁት።

የቀረኝ የጸሎት ቤቱ ነበር። እሑድ ጎህ ሲቀድ ማርታን ሆስፒታሉ ትቻት ወደ መንደር ሄድኩ። ዝማሬው እንዳለቀ ተነሥቼ ቆምኩና ሁሉንም ተናገርኩ። በሽታው አይተላለፍም፤ ሐኪሙ ነግሮኛል፤ እኔ በእጄ አጎርሻታለሁ፣ ይኸው ቆሜያለሁ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በትሕትና፣ "ልጃችን፣ የማይተላለፍ ከሆነ ለምን ለዩዋት?" አለኝ።

ክብር፣ በር፣ ጸጥታ እያልኩ ማስረዳት ጀመርኩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ፊታቸውን ሳየው ለካ የምናገረው ለእኔም አልገባኝም። ከዚያ በሰው ፊት አለቀስኩ። ሃያ ዓመት ያለፈኝ፣ ከረባት ያሰርኩ ሰው ነበርኩ።

እማማ ሐና ያኔ ነው የተነሡት። የእናቴ እኩያ ናቸው፤ ፊታቸውን ፈንጣጣ በልጅነታቸው ወግቶ ጠባሳ አድርጎታል። "እኔን አንድ ጊዜ ይዞኛል፣ ሁለተኛ አይዘኝም" አሉ። "እኔ ገብቼ አያታለሁ። ንጹሕ ናት ካልኳችሁ እናንተም ትገባላችሁ። ወጣቶቹ ቃሬዛውን ይዛችሁ ተነሡ።"

ሰው ምን እንደሚያምን ማን ያውቃል? የሐኪሙን ቃል፣ የእኔን የዓመታት ትምህርት ያልተቀበለ ጉባኤ የእማማ ሐናን ጠባሳ ተቀበለ። ሰዉ ጎርፍ ሆኖ ወጣ። ሴቶቹ የሚበላ ያዙ፤ እግሩን የታመመው፣ ላሙ የምትወልድበት፣ ሁሉም ቃሬዛውን እየተቀባበለ መጣ። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፣ ጭቃው ጫማዬን ነጠቀኝ። እነሱ እየዘመሩ ይሄዳሉ። እኔ ከፊት ከፊት እሮጥ ነበር፤ አዬ በመስኮት ስታያቸው የሚኖራትን ፊት አስብ ነበር። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንደዚያ ደስ ብሎኝ መንገድ ሄጄ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ደረስን። ማርታ በረንዳው ጫፍ ላይ፣ በተዘጋው በር ትይዩ ተቀምጣለች። አልተነሣችም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳዋለች። ሳየው ገባኝ።

ጠዋት ነው። በሩ እንደ ደንቡ ተዘግቶ፣ ሐኪሙ ገና ሳይዞር። ዘበኛው ማርታን ሲስተር ሳትመጣ አልከፍትም አላት። ሲስተር ከጸሎት ተመልሳ በሩን ስትከፍተው አዬ ፊቷን ከግድግዳው መልሳ ወደ በሩ ተኝታለች፤ አልፋለች።

"ጠርታሽ ነበር?" አልኳት ማርታን።

"ምንም አልሰማሁም" አለችኝ።

እማማ ሐና እንዳሉት መጀመሪያ ገቡ። የአዬን ግንባር በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ ክንዷን ገለጡ፣ ደረቷን አዩ። ከዚያ ወደ በሩ ዞረው፣ "ንጹሕ ናት" አሉ ጮክ ብለው። "ምንም የለባትም። ንጹሕ ናት።" ሴቶቹ ለአንድ ሰው በተሠራችው ክፍል ውስጥ ተግተልትለው ገቡ። ያልቻለው በመስኮቱ ላይ ተደራረበ። ለቅሶው አዳራሹን አልፎ ግቢውን ሞላው። ከቦዲቲ የመጣችው ሴት ሳይቀር ከአልጋዋ ተነሥታ፣ ግድግዳ እየተደገፈች መጣች። ሲስተር ዳር ቆማ ታለቅሳለች፤ ማንንም አላስወጣችም። አዬ የፈለገችው ሰው ሁሉ መጥቷል። በሕይወት ሊወስዳት የመጣው ቃሬዛ አስከሬኗን ተሸክሞ ተመለሰ። ያን ዓመት ጊፋታ በእኛ ደጅ ሳያልፍ ቀረ።

ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤት ስመለስ የነደፍኩትን ሁሉ ቀድጄ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ትልልቅ አዳራሾች፣ በየአልጋው አጠገብ ለአስታማሚ መኝታ፣ በየአዳራሹ ጓሮ ጣሪያ ያለው ማብሰያ። ለተላላፊ በሽታ የሚሆኑ ክፍሎችን ለይቼ ሠራሁ፤ ግን መስኮታቸውን እስከ መሬት አወረድኩት፣ ጠያቂ ከውጭ ተቀምጦ በሽተኛውን እያየ እንዲያወራው። በጉባኤው ፊት ስቆም መምህሬ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

"ሊሞት የተቃረበውን የት ታስተኛዋለህ?" አለኝ።

"እዚያው።"

"ሌሎቹ እያዩት?"

"አዎ፣ እያዩት" አልኩት። ለምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ልነግረው አልቻልኩም። በአማርኛም የምችል አይመስለኝም ነበር።

"ይህ ሐዘን እንጂ ንድፍ አይደለም" አለ ከጉባኤው አንዱ መምህር። ከብዙ ምክክር በኋላ በዝቅተኛው የማለፊያ ማርክ አሳለፉኝ። ዲግሪዬን ያዝኩ፣ በፕላን ላይ የመፈረም መብት አገኘሁ፤ ትምህርት ቤት፣ መጋዘን፣ ቢሮ ስሠራ ኖርኩ። ያን ሆስፒታል እንድሠራ ማንም አልጠየቀኝም። መምህሬ ፈጽሞ ተሳስቷል አልልም። ዓይኔን የታከምኩ ጊዜ እኔ ራሴ ከፍዬ ለብቻዬ ተኝቻለሁ፤ እንቅልፌም ጥሩ ነበር። ሰው ሲያረጅ ከራሱ ጋርም መስማማት ያቅተዋል።

ይህን ሁሉ ለምሕረት ነገርኳት። ሻይዋ በረደ። ፕላኑን መጠቅለል ጀምራ ተወችው።

"እኔ ከአያቴ ጋር ነው ያደግሁት" አለችኝ። "የምንተኛበት ክፍል በር አንድም ቀን ተዘግቶ አያውቅም። የዳሞታ ብርድ እየገባ አጥንታችን ድረስ ይዘልቅ ነበር። 'አያቴ፣ ልዝጋው?' ስላት፣ 'ተይው ልጄ፣ ሰው ቢጣራ አይሰማኝም' ትለኝ ነበር። ቤት ውስጥ እኮ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም።"

ማርታ ካረፈች ዓመት አልፏታል። እስክታርፍ ድረስ በየሳምንቱ አያት ነበር፤ ስለዚያ ጠዋት ግን ያን አንድ ጊዜ ጠይቄያት ዳግመኛ አላነሣሁትም። ምንም አልሰማሁም ያለችኝን አምኜ ኖርኩ። አሁን ሰምታ ነው የደበቀችኝ፣ ወይስ በእውነት ሳትሰማ ቀርታ ነው ዕድሜዋን ሙሉ በር ከፍታ ስታዳምጥ የኖረችው እላለሁ። ከሁለቱ የትኛው ለእሷ ይከብድ እንደነበረ እስካሁን መወሰን አልቻልኩም።